ለአሻንጉሊት የመጣ ገንፎ

ይህን ነገር ለሰው ስነግር መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። አልቀየምም፤ በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ብሰማው እኔም እስቃለሁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንዳንዱ ሰው ዝም ይልና ስልኩን መነካካት ይጀምራል። የምጽፈው ለእነዚያ ሰዎች ነው።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ቡራዩ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት በባጃጅ ገባ ብሎ ካለ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ጎንደር ካለችው እህቷ ዘንድ ሄዳ በዚያው ቀረች፤ ወንድሜ አግብቶ ሐዋሳ ገባ። እኔ አዲስ አበባ፣ በአንድ የግል ትምህርት ቤት፣ የሬጅስትራር ጸሐፊ ነበርኩ። አምስት ዓመት የከተማ ፕላን ተምሬ የተማሪ ካርድ ላይ ማህተም እመታለሁ ማለት ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከግቢ እወጣለሁ፤ ስመለስ ጀምበር ጠልቃለች። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ አለ። በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ግን ከ“ደህና አደራችሁ” እና ከ“ውሃ መጣ?” የዘለለ ነገር ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ ያኔ የእነሱ ነው እል ነበር። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድም ቃል ድምፄን አውጥቼ ያልተናገርኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። ሰኞ ለታክሲው ረዳት “ወራጅ አለ” ስል ድምፄ ሻክሮ ይወጣና ራሴው እደነግጣለሁ።

ከዚህ ኑሮ በሳምንት አንድ ቀን የሚያወጣኝ አሻንጉሊት ነበር። ናትናኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሰበታ ነው የሚኖረው። በእናቱ ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እሱ፣ እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች ሆነን የአሻንጉሊት ሙዚቃዊ ድራማ እንሠራ ነበር። ርዕሱ “አድገናል እንዴ?” ይባላል። አሻንጉሊቶቹን የምንሠራቸው ከአሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ነው፤ ቆርጠን፣ ሰፍተን፣ የሴት ስቶኪንግ እናለብሳቸዋለን፤ ዓይናቸው የካፖርት ቁልፍ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ምሩቁ የሚባል ጋዋኑን ማውለቅ ያቃተው ልጅ ነው። ጎልማሳነትን የሚሰጥ ቢሮ አለ ሲሉት ፋይል ይዞ ከመስኮት መስኮት ይዞራል። አቶ ልምድ የሚባለው ሹም “ገና ሳትወለድ ሥራ የጀመርክበትን ማስረጃ አምጣ” ይለዋል። ወይዘሮ መቼነው ደግሞ በየመንገዱ እየጠበቀች፣ መቼ ነው የምትመረቀው፣ መቼ ነው የምትቀጠረው፣ መቼ ነው የምታገባው እያለች በዜማ ታሳድደዋለች። ወጣት ተመልካች ወይዘሮ መቼነውን ሲያይ በሳቅ ይፈርሳል፤ ሁሉም በየቤቱ አንዲት አለችው።

የመጨረሻው ትዕይንት ላይ አንድ ሕፃን ይወለዳል። የምረቃ ቆብ ደፍቶ ነው የሚወለደው። ሦስት ጊዜ ያለቅስና እንዲህ ብሎ ይዘፍናል፦

መልሱኝ ወደ ሆድ፣ ገና አልጨረስኩም፣
ሲቪ አላዘጋጀሁ፣ ልምድም አልቆጠርኩም፤
ጥርስ ሳላበቅል ሥራ ያዝ አላችሁ፣
ሳልድህ ሳልቆም “መቼ ነው?” ትላላችሁ።

ሕፃኑን የማጫውተው እኔ ነኝ። ከመጋረጃ ሥር ተንበርክኬ፣ እጄን አፉ ውስጥ ከትቼ፣ ለእሱ አለቅሳለሁ፣ ለእሱ እዘፍናለሁ። ዘፈኑ አላስቸገረኝም፤ ልቅሶው ነው እምቢ ያለኝ።

“መቅደስ፣ ይሄ ሕፃን አይደለም፣ ድመት ነው” አለኝ ናትናኤል፣ አንድ ረቡዕ ልምምድ ላይ። “እሁድ ሱሉልታ እናቀርባለን። እረፍት ላይ አይደለሽ? ቤትሽ ውሰጂውና ሥሪበት።”

እውነቱን ነው፣ የሴሚስተር እረፍት ነበር። ሕፃኑን ልወስደው ስነሳ ዝናቡ ወረደ። ስፖንጅ ውሃ ከጠጣ ለሦስት ቀን አይደርቅም። የናትናኤል እናት ወፍራም ብርድ ልብስ አዋሱኝና ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። የሕፃን ክብደት እንዲኖረው ሆዱ ውስጥ የሩዝ ከረጢት ሰፍተንበታል። ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ፣ “ለእናት ቦታ ልቀቁ” አለ። አንድ ሰውዬ ተነሱልኝ፣ አንዲት ሴት መስኮቱን ዘጋችልኝ። ማስረዳት ነበረብኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር፣ ያመኝም ጀምሮ ነበር፣ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ሰው ቦታ ሲለቅልኝ ደስ አለኝ። ቡራዩ ስደርስ የግቢያችንን በር የከፈቱልኝ የአከራያችን ሚስት አዴ ጫልቱ ነበሩ። ደረቴ ላይ ያለውን ጥቅል አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ምንም ሳይሉ መንገድ ለቀቁልኝ።

ሐሙስና ዓርብ ጉንፋን ጣለኝ። ጋቢ ተከናንቤ፣ ራሴን በሻሽ አስሬ፣ ከሽንት ቤት በቀር ሳልወጣ ዋልኩ። ሻል ሲለኝ ሕፃኑን አንስቼ ልቅሶ እለማመዳለሁ። ከስልኬ ላይ የሕፃን ልቅሶ እየሰማሁ አስመስላለሁ፤ መጀመሪያ አጭር፣ ከዚያ ትንፋሽ መሳብ፣ ከዚያ ረጅም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተሳካልኝ። ራሴን ሳይቀር አሳዘነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በሬ ተንኳኳ።

በሬ ተንኳኩቶ አያውቅም። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አንባቢ መስሎኝ ጋቢዬን እያስተካከልኩ ከፈትኩ። ከጎኔ ያለው ክፍል ተከራይ፣ ገበያ ላይ ልብስ የሚሸጡት እትዬ አስናቀች፣ የተከደነ ሰሃን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው አዴ ጫልቱ ፔርሙስ ይዘዋል።

“ማን ተነሺ አለሽ? ተኚ፣ ተኚ” አሉ እትዬ አስናቀች፣ በትከሻቸው ገፋ አድርገውኝ እየገቡ። አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝ፣ ጋቢውን እግሬ ላይ ጠቀለሉልኝ፣ ከዚያ ቀና ብለው፣ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አሉኝ።

ይህ ለወለደች ሴት የሚባል ነገር ነው። ግራ ገባኝ። የሚያዩትን ተከትዬ ዞር ስል፣ አልጋው ላይ በግድግዳው በኩል፣ በናትናኤል እናት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሕፃኑ ተኝቷል። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ፊቱን ሸፍኜው ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ታክሲው፣ በሩ፣ ሻሹ፣ ልቅሶው።

“ይቅር በይኝ” አሉ እትዬ አስናቀች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ከሐሙስ ጀምሮ በግድግዳ ስሰማው ነበር። ሰው ይኖራታል፣ እናቷ መጥታ ይሆናል እያልኩ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ብቻሽን ወልደሽ፣ ብቻሽን ታርሰሽ… ስምሽን እንኳን አላውቀውም እኮ።”

“መቅደስ” አልኩ።

“መቅደስ። ስለ አባቱ ማንም አይጠይቅሽም። ይሄን እወቂ።”

“ሂን ሶዳትን፣ ኢንተለ ኮ” አሉ አዴ ጫልቱ። አትፍሪ ልጄ ማለታቸው ነው። “እኛ አለን።”

አሻንጉሊት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። በከፈትኩት አፌ የገንፎ ማንኪያ ገባ። ቅቤውና በርበሬው ገና ይጨሳል። እንግዲህ ፍረዱኝ። ሁለት ቀን ሻይ በዳቦ ስበላ የቆየሁ፣ አፍንጫዬ የተዘጋ፣ ሰው ካጎረሰኝ ስንት ዘመን የሆነኝ ልጅ ነኝ። ዋጥኩት። ሁለተኛው መጣ። ይሄን ልዋጥና እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰሃኑ እስኪያልቅ እንዲያ እያልኩ ነበር።

ለምን ሕፃኑን አልገለጡትም ትሉኝ ይሆናል። አራስ ልጅ ለሰው ዓይን አይገለጥም፤ ጨዋ ሴት ደግሞ አሳዩኝ ብላ አትጠይቅም። እትዬ አስናቀች እንዲያውም የብርድ ልብሱን ጫፍ ይበልጥ ጎተት አድርገው ሸፈኑት። ከጉያቸው ትንሽ ቢላዋ አውጥተው ትራሴ ሥር ከተቱልኝ፤ ክፉ ነገር እንዳይቀርበን ነው። አዴ ጫልቱ አንሶላዬን ሊያስተካክሉ ሕፃኑን ከነጥቅሉ ሲያነሱት ልነጥቃቸው ከአልጋው ቀና አልኩ። በእጃቸው ላይ መዘን መዘን አድርገው፣ “ጎበዝ ነው፣ ደህና ክብደት አለው” ብለው መልሰው አስተኙት። ሩዙ አዳነኝ፤ ወይም ገደለኝ።

ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ሞላ። ከሌሎቹ ክፍሎች ያሉ ሴቶች፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉ ጎረቤቶች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሁሉ መጡ። ያላየሁት በርጩማ ከየት እንደመጣ እንጃ። አጥሚት ይቀዳል፣ ገንፎ ይበላል፣ ስለየራሳቸው ወሊድ ይጨዋወታሉ። አንዷ ምጥ ሲይዛት ባሏ ደንግጦ በሌላ ሰው ባጃጅ ሌላ ሴት ጭኖ እንደሄደ ስታወራ፣ እኔ ድምፅ አውጥቼ ሳቅኩ። ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ምናልባትም ስቄ አላውቅም። ጉንፋኑ ለቀቀኝ። ያቺ ክፍል ጠባብ መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ እስከዚያ ድረስ ትልቅ ነበረች።

በልቤ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የማሰላው፤ ነገ ይህ ሁሉ ይቀራል። እውነቱን የነገርኳቸው ደቂቃ ወንበሮቹ ይወጣሉ፣ በሬም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ በፊቱ እንኳን አይሆንም፤ በፊት የማይታወቅ ሰው ነበርኩ፣ አሁን ያታለለቻቸው ልጅ እሆናለሁ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ጨምሬ እዝናናለሁ፣ ሌላም እጨምራለሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ አዴ ጫልቱ ጨዋታውን አቋርጠው ወደ ጥቅሉ አዩ። “ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሰም” አሉ።

ሴቶቹ ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

“ጠብቷል?” አለች አንዷ።

“አሁን… ተኝቷል” አልኩ።

“ይህን ያህል አይተኛም። አስናቀች፣ ጤና ጣቢያ ብንወስደው አይሻልም?” አሉ አዴ ጫልቱ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ተነሱ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ብቻ ነበር ያልኩት። ዝም ማለት ራሱ ጥፋት ቢሆንም ለራሴ ሰበብ አላጣሁለትም። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን ምንም ሰበብ አይሸፍነውም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ የማቅፈው መስዬ ጎንበስ አልኩ፣ እጄን በብርድ ልብሱ ሥር አስገብቼ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አለቀስኩ። መጀመሪያ አጭር፣ ከዚያ ትንፋሽ መሳብ፣ ከዚያ ረጅም። ናትናኤል ቢሰማኝ ኖሮ ያጨበጭብልኝ ነበር።

“ተመስገን” አሉ እትዬ አስናቀች። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሴቶቹ፣ “ታጥባው፣ እንውጣላት” ተባብለው ወጡ። እትዬ አስናቀች አድራለሁ ቢሉም በስንት ልመና መለስኳቸው። በሩን ዘግቼ ሕፃኑን ገለጥኩት። የቁልፍ ዓይኑ ጣሪያ ያያል። በሕይወቴ እንደዚያ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

እሁድ ስድስት ሰዓት ላይ ሱሉልታ መገኘት ነበረብኝ። ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን እያሉ ሹልክ ብዬ ልወጣ አሰብኩ፤ ከዚያስ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም። ሦስት ሰዓት ላይ ሕፃኑን ታቅፌ ስወጣ አዴ ጫልቱ ግቢው መሃል ልብስ እያሰጡ ነው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ከሰዓት በኋላ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ መኖር እንዲህ ያስቀጣል።

“ወዴት?” አሉኝ።

“ሱሉልታ… አንድ ጉዳይ አለብኝ፣ ማታ እመለሳለሁ።”

“ሱሉልታ? በዚያ ንፋስ? አራስ ልጅ ይዘሽ?” ወደ ግቢው በር ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። “አስናቀች! ኮቱ፣ ነይ ይቺን ልጅ ተመልከቻት።”

እትዬ አስናቀች ገና ከቅዳሴ መመለሳቸው ነበር መሰለኝ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ከክፍላቸው ወጡ። አልተቆጡም። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቀረብ ብለው ፊቴን አዩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

“የግድ የሚያስኬድ ነገር ካለሽ ሂጂ። ልጁን ግን ለእኔ ስጪኝ። እስክትመለሺ ከእጄ አላወርደውም።”

ልሰጣቸውና ልሮጥ እንደምችል በጭንቅላቴ አለፈ፤ የሰው ልጅ ሲጨንቀው የማያስበው ነገር የለም። ግን ያን የተዘረጋ እጅ እያየሁ አልቻልኩም።

“እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” ብዬ ብርድ ልብሱን ገለጥኩት።

ሁለት ጥቁር ቁልፍ፣ የስቶኪንግ ጉንጭ፣ የተከፈተ ቀይ አፍ፣ ከጆሮው በላይ ዘመም ያለ የምረቃ ቆብ። አዴ ጫልቱ ተጠግተው አዩና እዚያው በሩ አጠገብ ባለ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እትዬ አስናቀች አንድ ጣታቸውን አውጥተው የሕፃኑን ዓይን ነካ አደረጉት።

“ትናንት ያለቀሰው?”

“እኔ ነኝ። ለቲያትር ነው። አሻንጉሊት ነው የምንሠራው። ልነግርዎት ፈልጌ…”

አልጨረስኩም። እሳቸውም እስክጨርስ አልጠበቁም። የብርድ ልብሱን ጫፍ አንስተው፣ ከልማድ ይሁን ከምን እንጃ፣ የአሻንጉሊቱን ፊት መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። አዴ ጫልቱ ተነስተው ከግቢው በር ገለል አሉልኝ።

ሱሉልታ ያቀረብነው በአንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነው። ንፋሱ ጣሪያውን ሲያንገጫግጨው ይውላል። ሰው ሞልቷል፤ ምሩቅ፣ ሥራ ፈላጊ፣ ልጃቸውን ተከትለው የመጡ እናቶችና አባቶች። አቶ ልምድ ሲናገር ያፏጫሉ፣ ወይዘሮ መቼነው ስትወጣ “መጣች፣ መጣች” ይላሉ። እኔ ከመጋረጃው ሥር ተንበርክኬ ተራዬን እጠብቃለሁ። የአሻንጉሊት ሥራ እንግዳ ነው፤ ሁሉም ወደ አንተ አቅጣጫ ይስቃል፣ አንተን ግን ማንም አያይህም። ይህ ነገር ከዚያ ቀን በፊት ደስ ይለኝ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ሕፃኑን አነሳሁ። የተለማመድኩት ልቅሶ ጠፋኝ። አጭሩ፣ ትንፋሽ መሳቡ፣ ረጅሙ፣ ምንም አልመጣልኝም። የመጣልኝ ሌላ ነው። ከሆዴ ወጣና ማቆም አቃተኝ። አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ። ከፊት ካሉት አንዲት እናት፣ “ኧረ እናንተ ልጆች፣ ዝም አሰኙት” አሉ። ናትናኤል ዜማውን ከሚመታበት ኦርጋን ኋላ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እንደምንም ዘፈኑን ያዝኩት፤ “መልሱኝ ወደ ሆድ” ስል ማንም አልሳቀም። ጭብጨባው ግን እስካሁን ካገኘነው ሁሉ በለጠ። ናትናኤል መጥቶ፣ “ይሄን ነበር ስፈልግ የነበረው” ሲለኝ ልመታው ቃጣኝ። አብረን እንብላ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ብቻዬን ተመለስኩ።

በመንገድ ላይ ሁሉ የማስበው የምለቅበትን ቀን ነው። ሌላ ግቢ፣ ሌላ ሰፈር፣ የማያውቁኝ ሰዎች። ጨርሶ መጀመሪያ ወደነበርኩበት መመለስ ነው፤ ይህን ያህል ከባድ መሆን አልነበረበትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ ገባሁ። ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ እንዳወጣሁ በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስናቀች ናቸው፤ የተከደነ ሰሃን ይዘዋል። ገቡ፣ ሻንጣውን አዩ፣ በእግራቸው መልሰው ከአልጋው ሥር ገፉት።

“ብዪ” አሉኝ።

“እትዬ፣ ነገ ቤት እፈልግና እለቃለሁ።”

“አራስ ቤት ትለቃለች?”

የሚያፌዙብኝ መሰለኝ። “እትዬ፣ ሕፃን የለም እኮ። አይተውታል።”

“ሕፃን የለም” አሉ፤ “አራስ ግን አለች።” አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአሻንጉሊቱን ልቅሶ የሰማሁት ሐሙስ ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ስታለቅስ የነበረችውስ? እሷም ለቲያትር ነው?”

አንባቢዎቼ፣ ይህን ለእናንተም አልነገርኳችሁም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሴም አልነገርኩትም ነበር። ትራስ አፌ ላይ አድርጌ ስለማለቅስ ማንም የሚሰማኝ አይመስለኝም ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነው።

“ይሰማ ነበር?” አልኩ።

“በደንብ። ስንት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። ምን ይዤ ልግባ? ለቅሶ ልድረስ እንዳልል ሰው አልሞተብሽም። የታመመ ልጠይቅ እንዳልል ሰኞ ሰኞ ቀጥ ብለሽ ሥራ ትሄጃለሽ። ትልቅ ሰው ነሽ፣ የተማርሽ ነሽ። ለምን ታለቅሻለሽ ብዬ ብገባ ምን አገባዎት ብትዪኝስ? ከዚያ የሕፃኑን ልቅሶ ሰማሁ።” ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። አሁን መግቢያ አገኘሁ አልኩ።”

ሰሃኑን ከፍተው ማንኪያውን እጄ ላይ አስያዙኝ።

“ታዲያ ጠዋት ለምን በር ዘጉብኝ?”

“ተናድጄ ነዋ። ክርስትና እናት ልሆነው ስም አውጥቼለት ነበር።”

“ማን አሉት?”

“እሱን አልነግርሽም” አሉ፣ ኮስተር ብለው። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ። “ጫልቱ እኮ ስትስቅ ነው የዋለችው። ‘ደህና ክብደት አለው’ ማለቷ ትዝ እያላት።”

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ “ቀኑ እስኪሞላ እናመጣለን። ለሰፈሩ አራስ አለችብኝ ብያለሁ፣ አላፍርም” አሉኝ። አደረጉትም። አሥር ቀን ሙሉ፣ ከሥራ ስመለስ፣ ከሁለቱ አንዳቸው በሬ ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። “አድገናል እንዴ?” ሰበታም ቡራዩም ታይቷል፤ ቡራዩ ላይ አዴ ጫልቱ ከፊት ተቀምጠው ሕፃኑ ሲወጣ ለጎረቤታቸው “ይሄን አውቀዋለሁ” ሲሉ ከመጋረጃው ሥር ሰምቻለሁ። በዚያ ድራማ በጎልማሳነት ስንቀልድ ሹሙን፣ ፋይሉን፣ ጠያቂዋን ሁሉ አስገብተናል። ያላሰብነው ነገር ትልቅ ሰው ከሆንክ በኋላ ሰው ወደ አንተ ለመምጣት ምክንያት የሚያስፈልገው መሆኑን ነው። ሞት፣ በሽታ፣ ወሊድ፣ ሠርግ። ለእያንዳንዱ የምንለውንም የምንይዘውንም እናውቃለን። ምንም ሳይሆን ብቻውን የሆነ ሰው ጋ እንዴት እንደሚገባ ግን የነገረን የለም። እናንተም በግድግዳ የምትሰሙት ሰው ይኖር ይሆናል፤ ምን ይዛችሁ እንደምትገቡ ቸግሯችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ የተመለሳችሁ ትኖሩ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኔ ከእናንተ የባስኩ ነበርኩ።

ይህን የምለው በዚያው እሁድ እትዬ አስናቀች ከወጡ በኋላ በሆነው ነገር ነው። ገንፎውን እየበላሁ በግድግዳው ማዶ ድምፃቸውን ሰማሁ። “መጣች እኮ፣ በላችልኝም” ይላሉ። ትንሽ ቆይተው፣ “ነገ ደግሞ ሽሮ እሠራላታለሁ” አሉ። የሚመልስላቸው ድምፅ የለም። ይህን ንግግር ለአንድ ዓመት ከአራት ወር ስሰማው ኖሬያለሁ። ስልክ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር። ሲረብሸኝ ደግሞ የስልኬን ሙዚቃ ከፍ አደርግ ነበር። ቀኑን ሙሉ የዋሉበትን የሚነግሩት ሰው ስለሌላቸው ማታ ለባዶ ክፍል እንደሚያወሩት፣ ያን ዕለት ነው የገባኝ። እሳቸው በሬ ድረስ መጥተው ይመለሱ ነበር። እኔ መንገዱንም አልጀመርኩት።

ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ጠዋት ተነሳሁ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ የምወስድላቸው ነገር ፈለግኩ። ዳቦ እንኳን አልነበረኝም። ሱቅ ልሂድ ብዬ ወጥቼ ግቢው በር ጋ ደርሼ ተመለስኩ፤ ከሄድኩ ሐሳቤን እንደምለውጥ አውቅ ነበር። በራቸውን አንኳኳሁ።

እትዬ አስናቀች ከፈቱ። ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ባዶ እጄን አዩ።

“ምን ሆንሽ?” አሉ፣ ደንግጠው።

“ምንም አልሆንኩም” አልኩ። “ዝም ብዬ ነው የመጣሁት።”

ለአፍታ ቆመው አዩኝ። ከዚያ አልጋቸው ላይ የተከመረውን ልብስ ገፋ አድርገው ቦታ አበጁልኝ።